በበረዶ ዳገት ላይ ፎር ዊል መንዳት፦ ከመውጣታችሁ በፊት መውረዱን አስቡ

ዳገቱን ስወጣ መኪናዬ አንድም ጊዜ አልተንሸራተተችም። አራቱም ጎማ መሬቱን ቆንጥጦ ይዟል፣ ሞተሩ ድምፁን እንኳን ሳይቀይር ጫፍ ላይ አደረሰኝ። ጠዋት ነበር፤ ፀሐይዋ ገና መንገዱን አልነካችውም። ከሦስት ሰዓት በኋላ በዚያው መንገድ ስመለስ የመጀመሪያው ኩርባ ጋ ፍሬን ያዝኩ። ጎማዎቹ ቆሙ፣ መኪናዋ ግን አልቆመችም። መሪውን ወደ ግራ ጠመዘዝኩት፤ እሷ ቀጥ ብላ ቁልቁል ሄደች። ያስቆመኝ መንገድ ጠራጊዎች ዳር ላይ የከመሩት የበረዶ ክምር ነው። ከክምሩ ማዶ ገደል ነበር።

እጄ እየተንቀጠቀጠ መኪናው ውስጥ ብዙ ተቀመጥኩ። ያው መኪና፣ ያው ጎማ፣ ያው መንገድ። ታዲያ ምን ተቀየረ? ይህን የምጽፈው ለዚያ ጥያቄ ያገኘሁትን መልስ ሌላው ሰው ገደል አፋፍ ላይ ሳይደርስ፣ ቤቱ ቁጭ ብሎ እንዲያገኘው ስለምፈልግ ነው።

ዋናውን ነገር መጀመሪያ ልበለው። ፎር ዊል ለመሄድ እንጂ ለመቆም አይረዳም። የሞተሩ ጉልበት በሁለት ጎማ ፈንታ በአራት ሲከፋፈል እያንዳንዱ ጎማ የሚሸከመው ሥራ ይቀንሳል፣ ስለዚህ መኪናው ሳያንሸራትት ይወጣል። ፍሬን ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ትንሿ የከተማ መኪናም ፍሬኗ አራቱም ጎማ ላይ ነው፣ የእናንተም ትልቅ ፒክአፕ እንደዚያው። እንዲያውም አደጋው ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ትንሿ መኪና ገና ዳገቱ ሥር ጎማዋ ይሽከረከርና እምቢ ትላለች፣ ባለቤቷም ይመለሳል። ፎር ዊል ያንን ማስጠንቀቂያ ይደብቅባችኋል። ፍሬናችሁ ሊመልሳችሁ የማይችልበት ቦታ ድረስ ዝም ብሎ ይወስዳችኋል።

ከመቀጠሌ በፊት አንድ ቃል ላይ እንስማማ። በአማርኛ ከሰማይ እንደ ጥጥ የሚወርደውንም፣ መሬት ላይ ረግቶ መስታወት የሚሆነውንም በረዶ ነው የምንለው። ለሹፌር ግን ሁለቱ በጣም ይለያያሉ። ስለዚህ ከዚህ በኋላ ለስላሳውን አመዳይ፣ የጠጠረውንና የሚያንሸራትተውን ደግሞ በረዶ እላለሁ።

ቁጥሩ የሚለው

እኔን ያስደነገጠኝ ሒሳቡ ነው፣ እናንተም እዩት። ጎማ ደረቅ አስፋልትን የመያዝ አቅሙ በቁጥር ሲገለጽ 0.7 ወይም 0.8 አካባቢ ነው። የተረገጠ አመዳይ ላይ ወደ 0.2 ወይም 0.3 ይወርዳል። በረዶ ላይ 0.1 ገደማ ነው። በረዶው ላይ ስስ ውሃ ካለ ደግሞ ከዚያም ግማሽ ሊሆን ይችላል።

ይህ መንገድ ላይ ሲታይ እንዲህ ነው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር እየነዳችሁ ፍሬን ብትይዙ፣ ደረቅ አስፋልት ላይ ፍሬኑ ከያዘ በኋላ 14 ሜትር ያህል ሄዳችሁ ትቆማላችሁ። ሜዳ ላይ ባለ በረዶ ግን 100 ሜትር ገደማ ያስፈልጋችኋል። መንገዱ 5 በመቶ ቁልቁለት ከሆነ፣ ማለትም በየ100 ሜትሩ 5 ሜትር የሚወርድ ከሆነ፣ 200 ሜትር ገደማ። 10 በመቶ ከሆነስ? አትቆሙም። መሬቱ የሚስባችሁ ኃይልና ጎማው የሚይዝላችሁ ኃይል እኩል ይሆናሉ፣ ስለዚህ ፍሬኑን እስከ ወለሉ ብትረግጡትም መኪናው በያዘው ፍጥነት ይወርዳል። 10 በመቶ ደግሞ ወደ 6 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው። በደረቅ ቀን ማርሽ እንኳን የማትቀንሱበት ዓይነት ቁልቁለት ነው።

ከዚሁ ሒሳብ ግን ተስፋም ይወጣል። ፍጥነት በግማሽ ሲቀንስ የመቆሚያው ርቀት ወደ ሩብ ይወርዳል። በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ከሆነ ሜዳ በረዶ ላይ 4 ሜትር፣ 5 በመቶ ቁልቁለት ላይ 8 ሜትር ገደማ ይበቃችኋል። በበረዶ ቁልቁለት ላይ የሚያድነው በመጀመሪያ ዝግታ ነው፣ መሣሪያው ሁሉ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልመለስ። ጠዋትና ረፋድ መካከል ምን ተቀየረ? ሙቀቱ። ብዙ ሰው ብርዱ በከፋ ቁጥር መንገዱ ይበልጥ ያንሸራትታል ብሎ ያስባል። በረዶ ላይ ተቃራኒው ነው። ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ ያለ በረዶ ደረቅ ነው፣ ጎማው ትንሽ ይይዘዋል። ዜሮ አካባቢ ያለ በረዶ ግን ላዩ ላይ ስስ ውሃ ይይዛል፣ በጣም የሚያንሸራትተውም እሱ ነው። እኔ በብርድ ወጣሁ፣ ፀሐይ ላዩን ስታቀልጠው ወረድኩ። ስለዚህ ተራራ ስትወጡ የምትወርዱበትንም ሰዓት አስሉ። ቀን የቀለጠው ማታ ተመልሶ ይረጋል፣ በዚያ ጊዜ ደግሞ እንደተወለወለ ወለል ነው።

የመኪናው ቴርሞሜትር ላይም ብዙ አትተማመኑ። የሚለካው አየሩን ነው። አየሩ 2 ወይም 3 ዲግሪ እያለ ጥላ ያለበት ኩርባና ድልድይ ላይ መንገዱ ረግቶ ሊቆይ ይችላል። ድልድይ ከላይም ከታችም ነፋስ ስለሚያገኘው ቀድሞ ይረጋል። ጥቁር በረዶ የሚባለው ስስና ጥርት ያለ ስለሆነ የአስፋልቱን ቀለም ያሳያል፤ እርጥብ መንገድ ብቻ ይመስላል። መሪው በድንገት ከቀለላችሁና የጎማው ድምፅ ጸጥ ካለ በረዶ ላይ ናችሁ። የረጠበ የሚመስል መንገድ ላይ ከፊታችሁ ያለው መኪና ጎማ ውሃ የማይረጭ ከሆነም ያው ነው።

ጎማና ሰንሰለት

እዚህ ላይ ገንዘብ አትቆጥቡ። ሌላው መሣሪያ ሁሉ የሚሠራው ጎማው መሬቱን በያዘው ልክ ነው።

ተራ የበጋ ጎማ ሙቀቱ ከ7 ዲግሪ ገደማ ሲወርድ ላስቲኩ እየጠጠረ ይሄዳል። የብርድ ወቅት ጎማ ላስቲኩ በብርድም ለስላሳ እንዲሆን ተደርጎ የተሠራ ነው፤ ጥርሱ ላይም ቢላ የቆረጣቸው የሚመስሉ ብዙ ጥቃቅን ስንጥቆች አሉት። በረዶን የሚነክሱት እነሱ ናቸው። ይህ የቆየ እውቀት ነው፤ ፊንላንዶች ለጭነት መኪና የብርድ ወቅት ጎማ የሠሩት እ.ኤ.አ. በ1934 ነው። ጎማ ስትገዙ ሦስት ጫፍ ያለው ተራራና መሃሉ ላይ የበረዶ ቅንጣት የተሳለበትን ምልክት ፈልጉ። ምልክቱ ጎማው አመዳይ ላይ ተፈትኖ ማለፉን ያሳያል። ኤም እና ኤስ የሚሉት ፊደላት ብቻ ካሉበት ግን እንዲህ ያለ ፈተና ሳያልፍም ሊጻፍበት የሚችል ነገር ነው።

ፎር ዊል የሚወዱ ሰዎች በብዛት የሚሳሳቱት የጭቃ ጎማ ላይ ነው። ትላልቅ ጥርሶቹን ሲያዩ ምንም የማያቆመው ይመስላቸዋል። ጭቃ ላይ አዎ። በረዶ ላይ ግን እነዚያ ጠጣር ትላልቅ ጥርሶች መሬቱን የሚነኩበት ቦታ ትንሽ ነው፣ ጥቃቅን ስንጥቆቹም የሉም። እንደ እንጨት ይንሸራተታሉ። ጥርሱ ያለቀ ጎማም እንዲሁ ነው፤ 4 ሚሊ ሜትር ያልሞላ ጥርስ ይዛችሁ አመዳይ ወዳለበት ተራራ አትሂዱ።

የጎማ ነፋስ ከመነሳታችሁ በፊት ለኩ። ሙቀቱ በየ5 ወይም 6 ዲግሪው ሲቀንስ ነፋሱ በ1 ፒኤስአይ (የነፋስ ግፊት መለኪያ ነው) ያህል ይቀንሳል፣ ስለዚህ በሞቃት ቀን የሞላችሁት ጎማ በብርድ ጎድሎ ይጠብቃችኋል። ነፋስ ቀንሶ መንዳት የሚጠቅመው ጥልቅ አመዳይ ላይ ነው፣ መኪናው እንዳይሰምጥ። በረዶ ላይ ተአምር አይሠራም።

ሰንሰለት ግን ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ1904 አሜሪካ ውስጥ የባለቤትነት መብት ያወጣለት ሃሪ ዊድ የሚባል ሰው ነው፤ ሹፌሮች እንዳይንሸራተቱ ጎማቸው ላይ ገመድ ሲጠመጥሙ አይቶ ነው ይባላል። ከዚያ ወዲህ ቅርጹ ብዙም አልተቀየረም፣ ምክንያቱም ላስቲክ የብረትን ያህል በረዶን አይነክስም። ለፎር ዊል አራቱም ጎማ ላይ ማሰር ነው የሚሻለው። ከኋላ ብቻ ብታስሩ ስትወርዱ የፊቱ ጎማ አይታዘዛችሁም፣ መሪ የላችሁም ማለት ነው። ከፊት ብቻ ብታስሩ ደግሞ ስትወርዱ ኋላው ዞሮ ፊቱን ሊቀድም ይችላል። አንድ ጥንድ ብቻ ካላችሁ የመኪናችሁ መመሪያ መጽሐፍ የትኛው ጎማ ላይ እንደሚል እዩ። አንዳንድ መኪና ፊት ላይ ጭራሽ ቦታ የለውም፤ ሰንሰለቱ የፍሬን ቱቦ ሊበጥስ ይችላል።

ሰንሰለት የሚታሰረው ዳገቱ ሥር፣ ሜዳ ላይ ነው። ዳገቱ መሃል ከተያዛችሁ በኋላ፣ ጣታችሁ ደንዝዞ፣ ሌላ መኪና ከላይ እየመጣ አይደለም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው ነው። ቤት ውስጥ ጓንት አድርጋችሁ አንድ ሁለት ጊዜ ተለማመዱት። ካሰራችሁ በኋላ 100 ሜትር ያህል ነድታችሁ ቁሙና እንደገና አጥብቁት፣ መላላቱ አይቀርም። በሰንሰለት በሰዓት ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ አትንዱ፤ እኔ ከ30 አላልፍም።

ዳገቱ ሥር ቁሙ

ዳገቱን ከመጀመራችሁ በፊት መኪናውን ሜዳ ላይ አቁሙና ውረዱ። ከዚያ በእግራችሁ ሂዱበት። ይህን የሚያደርግ ሰው ጥቂት ነው፣ እኔ ግን ከምጽፈው ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ትወስዳላችሁ ብባል ይህንን እመርጣለሁ። በጥሩ ጫማ መቆም ካቃታችሁ መኪናውም አይቆምም። ስትሄዱ ኩርባው የት እንደሆነ፣ መንገዱ ወደ ገደሉ ያዘነበለበትን ቦታ፣ ዳር ላይ ጎማ የሚይዝ ጠጠር ወይም ያልተረገጠ አመዳይ መኖሩን አስተውሉ። ያልተሳካላችሁ እንደሆነ የት እንደምትቆሙም ምረጡ።

ከዚያ ማርሹን አዘጋጁ። ሜዳ ላይ እያላችሁ ወደ ፎር ዊል አስገቡት፣ መንሸራተት ከጀመራችሁ በኋላ አይደለም። ለመውጣት አብዛኛውን ጊዜ ፎር ሃይ፣ ማለትም በተራ ፍጥነት የሚነዳበት የፎር ዊል ማርሽ፣ ይበቃል። ዳገቱ በጣም ቀጥ ያለና ጠመዝማዛ ከሆነ ፎር ሎው፣ ማለትም ቀስ ብሎ በብዙ ጉልበት የሚሄደው፣ ይሻላል፣ ግን ሎው አንደኛ ማርሽ ላይ ሞተሩ ለጎማው የሚሰጠው ጉልበት ከመጠን በላይ ስለሆነ ትንሽ ነዳጅ ስትነኩ ጎማው ይሽከረከራል። ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ይሻላል። ዲፈረንሺያል ጎማዎቹ በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ የሚያደርገው ክፍል ነው፤ በፊትና በኋላ ጎማዎች መካከል ያለው የመካከለኛ ዲፈረንሺያል መቆለፊያ ያለው መኪና ከሆነ ቆልፉት።

የኋላ ዲፈረንሺያል መቆለፊያ ግን ሌላ ነገር ነው፣ እሱን ተጠንቀቁ። ስትቆልፉት ሁለቱም የኋላ ጎማዎች እኩል ይሽከረከራሉ። ከመኪናው ፍጥነት በላይ የሚሽከረከር ጎማ ደግሞ ወደ ጎን የመያዝ አቅሙን ያጣል። መንገዱ ወደ ገደሉ ያዘነበለ ከሆነ የመኪናው ኋላ ቀስ እያለ ወደዚያው ይንሸራተታል። አንድ ጎማ ክፍት ሆኖ ቢሽከረከር ሌላኛው ቢያንስ መሬቱን ይዞ ይቆያል። ወደ ጎን ያዘነበለ በረዶ ላይ አትቆልፉ።

ጣሪያ ላይ የጫናችሁትን አውርዳችሁ ውስጥ ታች አድርጉት። ተሳፋሪ ካለ ይውረድና በእግሩ ይምጣ፣ ከመኪናው ሥር በኩል ሳይሆን ራቅ ብሎ በዳር። ሹፌሩ ቀበቶውን ይሰር። ፍጥነቱን በራሱ የሚጠብቀው ክሩዝ ኮንትሮል ካለ ይጥፋ።

መውጣቱ

ከፊታችሁ ሌላ መኪና ካለ ዳገቱን ጨርሶ እስኪወጣ ጠብቁ። እሱ መሃል ላይ ከቆመ እናንተም መቆም አለባችሁ፣ የቆማችሁበት ቦታ ላይ እንደገና መነሳት ደግሞ ከመጀመሪያው ይከብዳል። እሱ ወደ ኋላ ከተንሸራተተ ደግሞ የሚያርፈው እናንተ ላይ ነው።

ፍጥነታችሁን ሜዳው ላይ ያዙ፣ ዳገቱ ላይ ለመጨመር አትሞክሩ። እግራችሁን ነዳጅ ላይ አለስልሱ፣ አንድ ልክ ላይ አቆዩት። ጎማው መሽከርከር ሲጀምር እግር ሁሉ ነዳጅ መጨመር ያምረዋል። አትጨምሩ። ቀንሱ። የሚሽከረከር ጎማ በረዶውን ያሞቀዋል፣ ይወለውለዋል፣ ከኋላችሁ ለሚመጣውም መስታወት ይተውለታል። ትንሽ ስትቀንሱ ጎማው ተመልሶ ይይዛል። መኪናው እየደከመ ከመጣ መሪውን በትንሹ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ወዝወዝ አድርጉት፤ የጎማው ጠርዝ አዲስ ቦታ ያገኛል፣ አንዳንዴ የጎደላችሁ እሱ ብቻ ነው።

ትራክሽን ኮንትሮል፣ ማለትም ጎማ በባዶ ሲሽከረከር የሞተሩን ጉልበት የሚቀንሰው መሣሪያ፣ ጥልቅ አመዳይ ላይ ጉልበቱን ቆርጦ ሊያቆማችሁ ይችላል። እዚያ ላይ ማጥፋት ይቻላል። በረዶ ላይ ግን ይብራ፣ ስትወርዱም ይብራ።

አልወጣ ካለ

ይህ ክፍል የብዙ ሰው ሕይወት ያለፈበት ስለሆነ ቀስ ብላችሁ አንብቡት።

መኪናው እንደማይወጣ ሲገባችሁ ሙሉ በሙሉ እስኪቆም አትጠብቁ፣ ገና የተወሰነ መያዝ እያለው ፍሬን ይዛችሁ አቁሙት። ከዚያ መኪናውን ለማዞር አትሞክሩ። በፍጹም። ዳገት መሃል ላይ መኪና ስታዞሩ ለአፍታ ወደ ጎን ትሆናላችሁ፣ በዚያች ቅጽበት ወደ ጎን የሚይዛችሁ ነገር የለም። መኪና የሚገለበጠውም እንዲህ ሲሆን ነው።

መመለሻው በመጣችሁበት መስመር ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ ነው። እግራችሁ ፍሬን ላይ እያለ የኋላ ማርሽ አስገቡ፣ ከተቻለ በሎው። ማንዋል ከሆነ ፍሬኑን ስትለቁ ፍሪሲዮኑንም አብራችሁ ሙሉ በሙሉ ልቀቁ። ከዚያ ፍሬኑን ቀስ ብላችሁ ልቀቁትና ሞተሩ ራሱ መኪናውን ይዞ ያውርደው። ለምን ፍሬን አይሆንም? ወደ ኋላ ስትወርዱ ክብደቱ ሁሉ ኋላ ላይ ነው፣ የፊት ጎማዎች ቀለዋል። ፍሬን ስትይዙ ቀድመው የሚቆለፉት እነሱ ናቸው፣ ያኔ የመኪናው አፍንጫ ወደ ጎን ይዞራል። ሞተሩ ግን አራቱንም እኩል ይይዛል። ፍሪሲዮን አትርገጡ፣ ዜሮ ማርሽ አታስገቡ። መሪውን ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ፣ በጣም ትንሽ ብቻ አስተካክሉ።

ይህን ደረቅ ቀን፣ ቀላል ዳገት ላይ አሥር ጊዜ ተለማመዱት። በድንጋጤ ሰዓት እጅ የሚያስታውሰው የለመደውን ብቻ ነው።

መውረዱ

ጫፉ ላይ ቁሙ። እንደገና በእግር ውረዱበት፣ ወደ ላይ ስትመጡ ያያችሁት መንገድ አሁን ሌላ ሊሆን ይችላል።

ማርሹን ጫፉ ላይ እያላችሁ ቀንሱ። ፎር ሎው፣ አንደኛ ወይም ሁለተኛ። አውቶማቲክ ከሆነ በእጅ መርጣችሁ ዝቅተኛው ላይ አቆዩት። እዚህ ላይ ለፎር ዊል አንድ ነገር ልመስክርለት፤ በሞተር መያዝ በአራቱም ጎማ ላይ ይከፋፈላል። ጉልበቱ ኋላ ላይ ብቻ የሆነ መኪና በማርሽ ሲወርድ የሚያዙት የኋላ ጎማዎች ብቻ ናቸው፣ ይህም የእጅ ፍሬን ከመሳብ ብዙ አይለይም፣ ኋላው ይዞራል። በፎር ዊል ግን ቀጥ ብሎ የመውረድ ዕድላችሁ ይጨምራል።

ስትነሱ የሰው እርምጃ ፍጥነት ላይ ሁኑ። ከዚያ በላይ ከሄደ መመለሻ የለውም። መንገዱ ሰፊ ከሆነ ቀጥ ብላችሁ ውረዱ፣ አግድም አትሂዱ። ጎማዎቹን ያልተረገጠ አመዳይ ወይም ጠጠር ያለበት ዳር ላይ አድርጉ፣ ግን በተራራው በኩል ባለው ዳር።

አንዳንዴ ሎው አንደኛ ራሱ ከመጠን በላይ ይይዛል። ጎማው ከመኪናው ፍጥነት በታች ይሽከረከራል፣ ወይም ይቆማል፣ መኪናውም ይንሸራተታል። ይህ ሲሆን የሚያድነው ነገር ከሰው ተፈጥሮ ጋር ይጣላል፤ ትንሽ ነዳጅ መስጠት ነው። በጣም ትንሽ። ጎማው ከመኪናው እኩል እንዲሽከረከር ማድረግ ብቻ ነው የምትፈልጉት። ከመኪናው እኩል የሚሽከረከር ጎማ መሪ ይታዘዛል፣ የቆመ ጎማ ግን አይታዘዝም። እኔ በዚያ ቀን መሪውን ወደ ግራ ስጠመዝዝ መኪናዋ ቀጥ ያለችው ለዚህ ነበር። ያደረግኩት አንድ ስህተት እግሬን ፍሬን ላይ ተክዬ መቅረቴ ነው። የቆየች መኪና ነበረች፣ ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ኤቢኤስ የላትም።

ኤቢኤስ ያለው መኪና ከሆነ ፍሬኑን አጥብቃችሁ ርገጡና ያዙ፣ ፔዳሉ እግራችሁ ሥር ሲንቀጠቀጥ አትደንግጡ፣ ሥራው ነው። ከሌለው ያዝ ለቀቅ አድርጉ፤ በተለቀቀባት ቅጽበት ነው መሪው የሚሠራው። ቁልቁለት ላይ ፍጥነቱን በራሱ የሚይዘው ሂል ዲሰንት ኮንትሮልም የሚጠቀመው ያንኑ ፍሬን ነው። አመዳይ ላይ ጥሩ ረዳት ነው፣ ንጹህ በረዶ ላይ ግን ከጎማው በላይ ሊያደርግ የሚችለው ነገር የለም።

የመኪናው ኋላ ወደ ቀኝ ከሄደ መሪውን ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ ከሄደ ወደ ግራ። ሲመለስ እናንተም ቶሎ መልሱት፣ አለበለዚያ በሌላኛው በኩል ይወጣል። ዓይናችሁን መሄድ የምትፈልጉበት ቦታ ላይ አድርጉ። ገደሉን ካያችሁ እጃችሁም ወደዚያው ይሄዳል።

ሁሉም ነገር እምቢ ካለስ? የምትመቱትን ምረጡ። በተራራው በኩል ያለው ቦይ፣ የአመዳይ ክምር፣ ቁጥቋጦ። ቀደም ብላችሁ፣ ገና ፍጥነቱ ትንሽ እያለ። ፓራውልት ይጠገናል።

መቆም፣ መጎተት፣ መታገድ

ቁልቁለት በረዶ ላይ የቆመ መኪና ዝም ብሎ ይቆያል ብላችሁ አትመኑት። ከጉዞ የመጣ ጎማ ሙቀት አለው፣ ከሥሩ ያለውን በረዶ ያቀልጥና ከደቂቃዎች በኋላ መኪናው ለብቻው ይነሳል። የግድ ካቆማችሁ መሪውን ወደ ተራራው አዙሩት፣ ማርሽ አስገቡ፣ ከጎማው ሥር ታኮ አድርጉ፣ ታኮው ራሱ እንዳይንሸራተት አሸዋ ርጩበት። ከዚያ ከመኪናው በታች ማንም አይቁም። ልጅም፣ ውሻም።

አሸዋና አካፋ ሁልጊዜ ይኑራችሁ። ጨው ብቻ ይዛችሁ አትመኩ፤ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ጉልበቱ ይደክማል። ሌላ መኪና ሊጎትታችሁ ከሆነ ገመዱን ሻሲው ላይ ያለው መጎተቻ ቀለበት ላይ እሰሩ። ተጎታች የሚያያዝበት ኳስ ላይ በፍጹም አትሰሩ፤ ተሰብሮ ሲወረወር እንደ ጥይት ነው፣ ሰው ገድሏል። ገመዱ መሃል ላይ ከባድ ብርድ ልብስ ወይም ጃኬት ጣሉበት። ሰው ሁሉ ከገመዱ ርዝመት በላይ ይራቅ። የሚጎትተው መኪና ራሱ በረዶ ላይ ከቆመ ደግሞ ሁለታችሁም ቁልቁል ልትሄዱ ትችላላችሁ፣ መጀመሪያ እሱ መያዙን አረጋግጡ።

መንገድ ተዘግቶ መኪና ውስጥ ማደር ግድ ከሆነ ከመኪናው አትራቁ። ለሙቀት ሞተሩን በየሰዓቱ 10 ደቂቃ ያህል ብቻ አስነሱ። ከማስነሳታችሁ በፊት ግን ሁልጊዜ ወርዳችሁ የጭስ ማውጫውን ጥረጉ። አመዳይ ከደፈነው ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ሽታ የለውም፣ እንቅልፍ ይመስላል። አንዱን መስኮት በጣት ስፋት ክፈቱ። ለዚህም ነው ተራራ ስትሄዱ ታንከሩ ከግማሽ በታች መውረድ የሌለበት። ናፍጣ ከሆነ ደግሞ ለብርድ የተዘጋጀ መሆኑን ጠይቁ፣ ተራው ናፍጣ በብርድ ይረጋና ፊልትሮ ይዘጋል።

ባለፈው የብርድ ወራት ያንኑ ዳገት እንደገና ሄድኩበት። የብርድ ጎማ አለኝ፣ አራት ሰንሰለት ይዣለሁ። ሥሩ ላይ ወርጄ ሠላሳ እርምጃ ያህል ወጣሁ። ረፋድ ነበር፣ ፀሐይዋ መንገዱ ላይ አርፋለች፣ በረዶው ያብለጨልጫል። ሁለት ጊዜ በጉልበቴ ወደቅሁ። ተመልሼ መኪናዋን ሜዳው ላይ አቆምኳት፣ ታኮ አደረግኩላት፣ ዱላዬን ይዤ ዳር ዳሩን በአመዳዩ ላይ በእግሬ ወጣሁ። ሃምሳ ደቂቃ ፈጀብኝ። ላይ ያሉት ሰዎች «መኪናህስ?» አሉኝ። «ታች ናት» አልኳቸው።